የአንድ አቶም ግድግዳ ውፍረቱ ስንት ነው? የካርቦን ናኖቲዩብ ሲጎብጥ ኮምፒዩተሩ የሚነግረን

ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ የተጻፉ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ግራ መጋባቱ አይቀርም። አንደኛው የቱቦው ግትርነት፣ ማለትም መሐንዲሶች የያንግ ሞጁለስ የሚሉት መጠን፣ 1 ቴራፓስካል ገደማ ነው ይላል፤ ሌላኛው ደግሞ 5.5 ቴራፓስካል ነው ይላል። ብረት 0.2 ቴራፓስካል አካባቢ እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ሁለቱም ቁጥሮች የሚያስደንቁ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ተኩል ሲሆን ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ማሰቡ ተገቢ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቱቦው ሲሳብ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ልዩነታቸው የመጣው ለአንድ ጥያቄ ከሰጡት የተለያየ መልስ ነው። ጥያቄውም የአንድ አቶም ግድግዳ ውፍረቱ ስንት ነው የሚል ነው። የፈላስፋ ጨዋታ ይምሰል እንጂ፣ ቱቦው ሲጨመቅ መቼ እንደሚሰረጎድ ለማስላት የሚቀመጥ ማንኛውም ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ናኖቲዩብ የካርቦን አቶሞች እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን እየሆኑ የተያያዙበት አንድ ስስ ገጽ፣ ማለትም ግራፊን፣ ተጠቅልሎ ዳርና ዳሩ የተጋጠመበት ቱቦ ነው። በሁለት ጎረቤት አቶሞች መካከል ያለው ርቀት 0.142 ናኖሜትር ነው፤ የቱቦው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ1 ናኖሜትር ይጀምራል፤ ርዝመቱ ደግሞ የስፋቱን ሺህ ወይም ሚሊዮን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዓለም ስለዚህ ነገር በሰፊው መነጋገር የጀመረው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ካሳተመ በኋላ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በእርግጥ ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ ሁለት የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች በ1952 ባዶ የካርቦን ቱቦዎችን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሩሲያኛ አሳትመው ነበር፤ ያኔ ግን ልብ ያለው አልነበረም። ባለ አንድ ግድግዳው ቱቦ በ1993 ተከተለ።

ስለ ናኖቲዩብ የሚነገረው ዝና ሁሉ ማለት ይቻላል የመሳብ ዝና ነው። ቱቦውን ከሁለት ጫፍ ብንስበው እጅግ ጠንካራ ነው። ቀጭን ነገር ሲጨመቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከመሰበሩ በፊት መሸሽ ይጀምራል። የለስላሳ መጠጥ ስትሮ በሁለት ጣት መካከል አቁመን ከላይ ወደ ታች ስንጫነው ለጥቂት ጊዜ ይቋቋምና ድንገት ወደ ጎን ይጎብጣል፤ አጭር አድርገን ቆርጠን ብንጫነው ደግሞ ከመጉበጥ ይልቅ ግድግዳው ላይ ስርጉድ ይፈጠራል። መሐንዲሶች ሁለቱንም ባክሊንግ ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ግን ሁለት ቃል ስላለን ለይቶ መጥራቱ ይሻላል። ዘንጉ በሙሉ ሲሄድ መጉበጥ፣ ግድግዳው ብቻ ሲገባ መሰርጎድ እንበለው። የመጀመሪያውን ሊዮንሃርድ ኦይለር በ1744 በቀመር አስቀምጦታል፤ ሁለተኛው የአውሮፕላንና የሮኬት መሐንዲሶችን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያስጨነቀ ችግር ነው።

ናኖቲዩብን በላቦራቶሪ ውስጥ በሁለት ጫፉ ይዞ ቀስ እያሉ መጫን እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ስለ መሰርጎዱ የመጀመሪያውን ዝርዝር ሥዕል የሰጠው ኮምፒዩተር ነው። በ1996 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቦሪስ ያኮብሰን፣ ብራቤክና ቤርንሆልክ ርዝመቱ 6 ናኖሜትር፣ ስፋቱ 1 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ በዘርፉ ቋንቋ (7፣7) ተብሎ የሚጠራ ቱቦ ወሰዱ። ቁጥሮቹ ገጹ በየት አቅጣጫ እንደተጠቀለለ የሚናገሩ ናቸው። ይህን ያህል ቱቦ ውስጥ ያሉት አቶሞች 700 እንኳ አይሞሉም፤ ያኔ ከባድ ማሽን የጠየቀውን ሥራ ዛሬ አንድ ተማሪ ላምፕስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ ሊደግመው ይችላል። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። የቱቦው ሁለት ጫፎች በጥቂቱ እንዲቀራረቡ ይደረጋል፣ የቀሩት አቶሞች እርስ በርስ በሚሳሳቡበትና በሚገፋፉበት ኃይል መሠረት ቦታቸውን እንዲያስተካክሉ ይተዋሉ፣ በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ይመዘገባል፣ ከዚያ እንደገና ጫፎቹ ይቀራረባሉ።

ውጤቱን በግራፍ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። የተጠራቀመው ኃይል መጀመሪያ ያለ አንዳች እንከን እየጨመረ ይወጣል፤ ቱቦው በ5 በመቶ ሲያጥር መስመሩ ድንገት ይሰበራል። በዚያች ቅጽበት ክቡ ግድግዳ በሁለት ቦታ ይጠፈጠፋል፤ አንዱ ጥፍጣፌ ለሌላው ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል። በ7.6 በመቶ ጥፍጣፌዎቹ ሦስት ይሆናሉ፣ ቱቦው ግን ገና ቀጥ እንዳለ ነው። በ9 በመቶ ሁሉም ነገር ወደ ጎን ይሄዳል፤ በ13 በመቶ ቱቦው ተጨፍልቆ ቅርጹን ያጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የአቶም ትስስር አልተበጠሰም፤ ጫናው ቢነሳ ቱቦው ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚያው ዓመት ኢጂማ ከእነ ብራቤክና ቤርንሆልክ ጋር ሆኖ ያሳተመው ሥራም ቱቦው እስከ 110 ዲግሪ ታጥፎ እንኳ ሳይጎዳ ቀጥ ሊል እንደሚችል አሳይቷል።

የእነ ያኮብሰን ሥራ ትልቁ ነገር ግን ይህ ሥዕል ብቻ አይደለም። እነዚህ ጥፍጣፌዎች ለቆርቆሮ ሲሊንደር በተዘጋጀው የድሮ የስስ ቅርፊት ቀመር ሊተነበዩ መቻላቸው ነው። እዚህ ላይ የውፍረቱ ጥያቄ መጣ። ቀመሩ ከተመራማሪው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ግድግዳው ሲለጠጥ ያለውን ግትርነትና ሲታጠፍ ያለውን ግትርነት። ኮምፒዩተሩ የመጀመሪያውን በሜትር 360 ኒውተን ገደማ፣ ሁለተኛውን 0.85 ኤሌክትሮን ቮልት አድርጎ ሰጣቸው። አንድ ወጥ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአንድ ላይ እንዲያሟላ ከተፈለገ ውፍረቱ 0.066 ናኖሜትር፣ የያንግ ሞጁለሱም 5.5 ቴራፓስካል መሆን ግድ ይለዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በግራፋይት ውስጥ በሁለት ገጾች መካከል ያለውን ርቀት፣ 0.34 ናኖሜትርን፣ ውፍረት አድርገው ስለሚወስዱ 1 ቴራፓስካል አካባቢ ያገኛሉ።

ስሌቱን ወረቀት ላይ መሥራት ይቻላል። 5.5 በ0.066 ሲባዛ 0.36 ይሆናል፤ 1.06 በ0.34 ሲባዛም እንዲሁ 0.36 ነው። ስለዚህ ለመሳብ ሁለቱም ጥንዶች እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በመታጠፍ ላይ ነው። የመታጠፍ ግትርነት ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ስለሚያድግ፣ በ0.34 ናኖሜትር የተሰላው ግድግዳ ከ22 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ያሳያል፤ ይህም ከትክክለኛው ከ15 እጥፍ በላይ ነው፣ ምክንያቱም የተሻሉ የኳንተም ስሌቶች እንኳ ለግራፊን የሚሰጡት ከ1.4 እስከ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 0.34ን አስገብቶ የመሰርጎጃውን ነጥብ በቅርፊት ቀመር ያሰላ ሰው ቱቦውን ከእውነተኛው እጅግ የጠነከረ አድርጎ ያየዋል ማለት ነው። ይህን ስህተት የያዙ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም።

ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ካርቶን ስናጥፍ የውጭው ፊቱ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ የሚቋቋመንም በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ አቶም ገጽ ግን የሚለጠጥ ውጭና የሚጨመቅ ውስጥ የለውም። ሲታጠፍ የሚቋቋመው በትስስሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን ስለሚዛባና ከገጹ በላይና በታች የቆሙት የኤሌክትሮን ደመናዎች ስለሚንጋደዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ውፍረት የሚባለው ነገር ለናኖቲዩብ የሚለካ ባሕርይ ሳይሆን ለቀመሩ ሲባል የምናበድረው ቁጥር ነው። ከዚህ በኋላ የመጡ የትንተና ሥራዎችም ይህ የብድር ቁጥር በቱቦው ስፋትና በጫናው ዓይነት እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ውፍረቱን ጨርሶ መተውና ሁለቱን ግትርነቶች እንዳሉ መጻፍ ነው፤ የሚያሳዝነው፣ ቴራፓስካል የሚለው ቃል ለርዕስ ስለሚያምር ይህ ብዙ ጊዜ አይደረግም።

ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው። ሁለቱም ጫፉ የተቆነጠጠ ስስ ቱቦ በኦይለር ቀመር የሚጎብጥበትን እጥረት፣ ማለትም ርዝመቱ በስንት በመቶ ሲያጥር እንደሚጎብጥ፣ ለማግኘት ስፋቱን ለርዝመቱ እናካፍላለን፣ በፓይ እናባዛለን፣ ውጤቱን በራሱ አባዝተን ለሁለት እንከፍላለን። ስፋቱ 1፣ ርዝመቱ 6 ናኖሜትር ለሆነ ቱቦ ይህ 14 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ግድግዳው ግን በ5 በመቶ ስለሚሰረጎድ ኦይለር ተራው አይደርሰውም። ርዝመቱ 10 ናኖሜትር ሲሆን ቀመሩ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ። በ100 ናኖሜትር ደግሞ 0.05 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ቱቦ ገና ሲነካ ይጎብጣል። ማርከስ ቡህለር፣ ኮንግና ጋኦ በ2004 ይህን በሲሙሌሽን ሲከታተሉ አንድ ዓይነት ቱቦ በርዝመቱ ብቻ መጀመሪያ እንደ ቅርፊት፣ ቀጥሎ እንደ ዘንግ፣ በመጨረሻ እንደ ክር እንደሚሆን፣ ክር የሆነውም በራሱ ላይ ታጥፎ እንደሚጣበቅ አሳይተዋል። እንግዲህ የናኖቲዩብ የመጨመቅ ጥንካሬ ይህን ያህል ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ርዝመት ካልተጠቀሰበት ምንም አልተናገረም።

ቀጣዩ ጉዳይ በአቶሞቹ መካከል ያለውን ኃይል ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ቀመር፣ በዘርፉ ስም ፖቴንሻሉ፣ ነው። ለካርቦን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ተርሶፍ በ1988 የጀመረው፣ ብሬነር በ1990 ያሻሻለውና በ2002 እንደገና ያደሰው ቀመር ነው። ፈጣን ነው፤ በዚያ መጠን ጠባይም አለው። ሁለት አቶሞች ከ0.17 ናኖሜትር በላይ ሲራራቁ ትስስሩን ቀስ እያለ መቁረጥ ይጀምራል፣ በ0.2 ላይ ይጨርሰዋል። ይህ የተደረገው ለስሌት ምቾት ሲሆን፣ ትስስሩ በዚህ ክልል ሲያልፍ ግን በተፈጥሮ የሌለ የኃይል ጉብታ ይፈጥራል። ቤሊችኮና ባልደረቦቹ በ2002 የቱቦ መበጠስን ሲመረምሩ ይህን ጉብታ በግልጽ አሳይተዋል። በመሰርጎድ ላይ ጉዳዩ ያን ያህል አይከፋም፤ ነገር ግን ስርጉዱ ሹል ሲሆን በውጭ በኩል ያሉት ትስስሮች ወደዚያው ክልል ይጠጋሉ። በውስጥ በኩል ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩት ግድግዳዎች የሚገፋፉበትን ደካማ ኃይል የማይቆጥር ፖቴንሻል ከሚገባው በላይ እንዲቀራረቡ ይፈቅዳል፤ በ2000 ስቱዋርት፣ ቱታይንና ሃሪሰን ያቀረቡት ኤይሬቦ የተባለው ቀመር ይህን ለመሙላት የመጣ ነው።

የፖቴንሻል ምርጫ ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን የክስተቱን ዓይነት ጭምር ሊቀይር እንደሚችል ያሳየው የ1999ኙ ሥራ ነው። በናሳ ኤምስ ማዕከል የነበረው ዲፓክ ስሪቫስታቫ ከሜኖንና ከቾ ጋር (8፣0) የተባለ ቀጭን ቱቦ ኤሌክትሮኖችን ጭምር በሚያሰላ የኳንተም ዘዴ ጨመቀው። በ12 በመቶ እጥረት ቱቦው እንደ እነ ያኮብሰን ጥፍጣፌ ሠርቶ የሚመለስ አልሆነም፤ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ወድቆ የግራፋይት ትስስሩ የአልማዝን ወደ መሰለ ተለወጠ፣ በዚያው ቀረ። ያሰሉት ጫና 153 ጊጋፓስካል ነበር። በብሬነር ቀመር የተጨመቀ እንዲህ ያለ ቱቦ ግን የሚመለሰውን የጥፍጣፌ መልክ ይዞ ይቀጥላል። አንዱ ቱቦውን የሚመለስ ምንጭ ያደርገዋል፣ ሌላው የሚደቀቅ ነገር ያደርገዋል።

ጊዜ ሌላው ነገር ነው። አቶም በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚርገበገብ ኮምፒዩተሩ በአንድ እርምጃ ከ1 ፌምቶ ሰከንድ በላይ መራመድ አይችልም፤ አንድ ናኖ ሰከንድ ለመሙላት አንድ ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። የ6 ናኖሜትሩን ቱቦ በ5 በመቶ፣ ማለትም በ0.3 ናኖሜትር፣ በ100 ፒኮ ሰከንድ ውስጥ የጨመቀ ሰው ጫፉን በሰከንድ 3 ሜትር ፍጥነት ገፍቶታል። ለሰው ሲሆን የሶምሶማ ሩጫ ነው፤ ለዚህ ቱቦ ግን አንድ ደቂቃ ከሚፈጅ የላቦራቶሪ ሙከራ ጋር ሲነጻጸር በመቶ ቢሊዮኖች እጥፍ ይፈጥናል። በንጹሕ መሰርጎድ ላይ ይህ ችግሩ መጠነኛ ነው፤ ድምፅ በቱቦው ውስጥ በሰከንድ 20 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ቱቦው ጫናውን ለማከፋፈል ጊዜ አያጣም። የትስስር መበጠስና መለዋወጥ ግን በሙቀት የሚታገዝና ጊዜ የሚጠብቅ ነገር ስለሆነ፣ ችኮላው ቱቦውን ከእውነቱ የጠነከረ ያስመስለዋል።

ከኮምፒዩተሩ ውጭ ያለው ዓለም ደግሞ እንከን የማይጠፋው ነው። ስስ ሲሊንደሮች በሙከራ ሲጫኑ ቀመሩ ከሚለው እጅግ አንሶ፣ አንዳንዴም በአንድ አምስተኛው፣ ይሰረጎዱ ነበር። ፎን ካርማንና ሺየን በ1941፣ ኮይተርም በ1945 በዴልፍት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ምክንያቱ ዓይን የማያየው የቅርጽ መዛባት መሆኑን ወደ መረዳት አደረሱን፤ ናሳም በ1960ዎቹ ለሮኬት ቅርፊቶች የቀመሩን ውጤት በምን ያህል መቀነስ እንደሚገባ መመሪያ አወጣ። ናኖቲዩብ እዚህ ላይ ልዩ ዕድል ያለው ይመስላል፣ ምክንያቱም የአቶሞቹ አደራደር ማንም ፋብሪካ ከሚሠራው ቆርቆሮ የተስተካከለ ነው። ሆኖም በክፍል ሙቀት ግድግዳው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ መንቀጥቀጥ የመዛባቱን ሥራ ይተካል። ከዚህ በላይ አንድ አቶም የጎደለበት ቀዳዳ ሲኖር ስርጉዱ ቦታውን ከዚያ ይመርጣል። በዜሮ ኬልቪን፣ ምንም ሳይጎድለው የተጨመቀ ቱቦ የሚሰጠው ቁጥር ጣሪያው ነው።

ላቦራቶሪው የሚያረጋግጠው ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹን ነው። በ1997 በቻፕል ሂል ፋልቮና ባልደረቦቹ ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦዎችን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ጫፍ እየገፉ ደጋግመው ሲያጥፏቸው ስርጉዶቹን አዩ፣ ቱቦዎቹም አልተሰበሩም። በ1998 ሎውሪ፣ ኮክስና ዋግነር በፖሊመር ውስጥ የተቀበሩ ቱቦዎች ፖሊመሩ ሲኮማተር ተጨምቀው እንደጎበጡና እንደተደፈጠጡ አሳዩ። የበለጠ ያስገረመው የ1999ኙ የፖንቻራል፣ የዋንግ፣ የኡጋርቴና የዴ ሄር ልኬት ነው። ከ10 ናኖሜትር ያነሱት ቱቦዎች በመታጠፍ 1 ቴራፓስካል ገደማ ሲያሳዩ፣ ወፈር ያሉት ወደ 0.1 ቴራፓስካል ወረዱ። ይህ የሆነው ቱቦው ሲወፍር ካርቦኑ ስለደከመ አይደለም፤ ሲታጠፍ በተጨመቀው ጎን ላይ እንደ አኮርዲዮን ሆድ የተከታታዩ ሽብሽቦች ስለሚፈጠሩ ነው። አሮዮና ቤሊችኮ በ2003 ይህን ሽብሽብ በሲሙሌሽን አወጡት፤ ይህ ዘርፍ ከሙከራ ጋር በእውነት ተጨባብጧል የምለው እዚህ ላይ ነው።

መሰርጎድ ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በ1996 የስሞሊ ቡድን ናኖቲዩብን በማይክሮስኮፕ መርፌ ጫፍ ላይ ሲተክል፣ ቱቦው ከናሙናው ጋር ሲጋጭ ስለሚጎብጥና ስለሚመለስ መርፌውም ናሙናውም ከጉዳት ዳኑ። በ2005 ደግሞ ካኦ፣ አጃያንና ባልደረቦቻቸው ቀጥ ብለው እንደ ጫካ የበቀሉ ቱቦዎችን እስከ 85 በመቶ ጨመቋቸው፤ ጫካው በዚግዛግ እየታጠፈ፣ ከሺዎች ዙር በኋላም እንደ ስፖንጅ ተነሳ።

አሁን ብዙ ሥራ የሚካሄደው ፖቴንሻሉን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በኳንተም ስሌቶች ላይ በማሠልጠን ነው። ባርቶክና ቻኒ በ2010 አንዱን መንገድ ከፈቱ፤ ዴሪንገርና ቻኒ በ2017 ለካርቦን አዋሉት። የመቁረጫው ጉብታም ሆነ የመታጠፍ ግትርነቱ ጉድለት በዚህ መንገድ ሊታረም ይችላል። ሆኖም የሠለጠነ ፖቴንሻል ያላየውን አያውቅም፤ በተሰረጎደ ቱቦ ሹል ጫፍ ላይ ያሉ ትስስሮች በሥልጠናው ውስጥ ካልነበሩ መልሱ ግምት ነው።

የጫካውን መጭመቅ ደግሞ የትኛውም የአቶም ፖቴንሻል አይደርስበትም። ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ አንድ (7፣7) ቱቦ ብቻውን ከ110 ሚሊዮን በላይ አቶሞች አሉት፤ በጫካው ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ደግሞ አይቆጠሩም። ስለዚህ ቡህለር በ2006 እንዳደረገው ቱቦው በክር የተሰካ ዶቃ ተደርጎ ይታሰባል፤ አንድ ዶቃ ብዙ አቶሞችን ይወክላል። የክሩ የመታጠፍ ግትርነት ከቱቦው የመለጠጥ ግትርነትና ከስፋቱ ስለሚመጣ፣ ሁሉም የሚስማማበት 360 ኒውተን በሜትር እዚህ ይበቃል። ዶቃ ግን ግድግዳ የለውም፤ በስንት ዲግሪ ሲታጠፍ እንደሚሰረጎድ ከውጭ ካልተነገረው ስርጉድ የሚባል ነገር በሥራው ውስጥ አይኖርም። የሚነገረውም ማዕዘን የተሰላው ከግድግዳው የመታጠፍ ግትርነት ነው፤ 0.85 ይሁን 1.4 ኤሌክትሮን ቮልት የሚለው ምርጫ በስድስት ናኖሜትሩ ቱቦ ላይ ተወስኖ፣ በዶቃው በኩል ወደ ሚሊሜትሩ ጫካ ይሻገራል።